አንዴ ብቻ ከምትጠይቅ ልጅ ጋር ተራራ ስወጣ

ኮሎምበስ ውስጥ ዳገት የለም። ከሠላሳ ዓመት በላይ ኖሬበታለሁ፤ ከፍ ካለ ቦታ ቆሜ ወደ ታች ያየሁት አምፖል ልቀይር ወንበር ላይ የወጣሁ ዕለት ብቻ ነው፤ እሱንም ልጄ ሰምታ ሳምንት ሙሉ ተቆጥታኛለች። እኔ ደግሞ የደሴ ልጅ ነኝ። ደሴ ማለት ዳቦ ለመግዛት እንኳ ወይ የምትወጣበት ወይ የምትወርድበት ከተማ ነው። እዚያ የተወለደ ሰው የትም ቢሄድ ስለ ዳገት ማውራት አይተውም፤ እኔም አልተውኩም። ልጄን ያሳደግኋት «ጦሳን ጠዋት ወጥቼ ለምሳ ቤት እደርስ ነበር» እያልኩ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ከከተማው በላይ ያለውን የጦሳን ተራራ የወጣሁት አንድ ጊዜ ነው፤ እሱንም እስከ ወገቡ። የቀረውን ግማሽ የወጣሁት እዚሁ ኦሃዮ፣ ሶፋ ላይ ተቀምጬ፣ በወሬ ነው።

ያ ወሬ ነው አንድ ቀን ይዞኝ የሄደው።

ልጄ አንዲት ናት፤ ነርስ ነች። ባለፈው ዓመት ከባሏ ጋር ሃዋይ ሊሄዱ ሁሉን አዘጋጅተው ሳለ፣ ባሏ የሚሠራበት መጋዘን ሥራ በዛና ፈቃዱን ሰረዙበት። እሷም ባጠራቀመችው የአውሮፕላን ፖይንት በእኔ ስም ቲኬት ቆርጣ ስታበቃ ኮል አደረገችኝ።

«አባዬ፣ ቅዳሜ እንሄዳለን።»

«የት?»

«ሃዋይ። ተራራ እንወጣለን። ጦሳን እወጣ ነበር ትል የለ?»

ልብ በሉልኝ፤ አልጠየቀችኝም። ጠይቃኝ ቢሆን ኖሮ «አይ ልጄ፣ ለኔ ሽማግሌ ምን ያደርግልኛል፣ ጓደኛሽን ይዘሽ ሂጂ» እላት ነበር። እሷም ጓደኛዋን ይዛ ትሄድ ነበር። እኔም እስከ ዛሬ ተቀይሜ እኖር ነበር።

ይህን በሽታዬን ገና ከመጀመሪያው ብነግራችሁ ይሻላል፤ የቀረው ነገር ሁሉ ከሱ ነው የመጣው። ባደግሁበት ቤት አንድ ሰው «ብላ» ሲልህ ሰላም ማለቱ ነው። አንተም «አሁን በላሁ» ስትል ሰላምታውን መመለስህ ነው። ጥያቄው ገና አልተጠየቀም። ሁለተኛው ላይ «በሞቴ» ይልሃል፤ አንተ እጅህን ደረትህ ላይ አድርገህ «ኧረ ጠግቤያለሁ» ትላለህ። ሦስተኛው ላይ «አፈር ስሆን» ሲል ያኔ፣ በሰው ሞት ላለመጨከን ስትል፣ ቀረብ ትላለህ። ከዚያ በኋላ ማንም አያስቆምህም። እኔ ሦስተኛው ላይ ሳይደርስ እጁን የሰደደ ሰው በልጅነቴ አላየሁም፤ ቢኖርም ቤተሰቡ ደብቆታል።

አሜሪካ ይህን ሥርዓት አታውቅም። ባለቤቴ፣ አላህ ይዘንላትና፣ በሕይወት ሳለች እኔ ብዙም አልተቸገርኩም። አስተርጓሚዬ ነበረች። ልጃችንን ገና በትንሽነቷ ቁጭ አድርጋ «አባትሽ ‘አይ’ ካለ ቅጂለት፤ ‘አይ አይ’ ካለ ጨምሪለት፤ ዝም ካለ ያኔ ጠግቧል» ብላ አስጠንታታለች። ልጄ ይህን እንደ ቀልድ ነው የያዘችው። ባለቤቴ ካረፈች አራት ዓመት ሆነ፤ ከዚያ ወዲህ ያለ አስተርጓሚ ነው የምኖረው።

የጉዳቱን ልክ ልንገራችሁ። ልጄና ባሏ ቤት የገዙ ጊዜ ልጄ እየዞረች አሳየችኝ። ከታች፣ ደረጃ የሌለው አንድ ክፍል አለ፤ መስኮቱ ወደ ጓሮ ነው፣ መታጠቢያ ቤቱ አጠገቡ ነው። በሩ ላይ ቆም ብላ፣ «አባዬ፣ ለምን ከኛ ጋ ሙቭ አታደርግም? ይሄ ያንተ ይሆናል» አለችኝ።

ልቤ ዘለለ። ብቻዬን የምኖርበት አፓርታማ ውስጥ ቴሌቪዥኑን የማልሰማውን ቋንቋ ሳይቀር ከፍቼ ነው የማድረው፤ ለድምፁ ብዬ። አፌ ግን እንደ ለመደው፣ «አይ ልጄ፣ እኔ ደህና ነኝ፤ ሰው አላስቸግርም» አለ።

እሷም ትከሻዬን ዳበስ አድርጋ፣ «ኦኬ አባዬ። ሪስፔክት አደርጋለሁ» አለችና የክፍሉን መብራት አጠፋች።

አጠፋች! እኔ «በሞቴ»ን እየጠበቅሁ እዚያው ጨለማ ውስጥ ቆሜ ቀረሁ። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ ሁለተኛውን ጥያቄ ስጠብቅ ከረምኩ። እሷ ቤት በሄድኩ ቁጥር ክፍሉ በር ላይ ቆም እልና፣ «ይሄ መስኮት መቼም አየር ያስገባል» እላለሁ። «ዬስ፣ ለኤክሰርሳይስ አሪፍ ነው» ትለኛለች። አንድ ቀን ስሄድ ቆሞ የሚነዳ ብስክሌት ገዝተው አስቀምጠውበታል። ማንም ሲነዳው አላየሁም። በዚህ ዕድሜዬ በብስክሌት ቀናሁ።

ወደ ተራራው ልመለስ። ቲኬቱ እንደ ደረሰኝ ዜናውን ለጓደኛዬ ነገርኩት። እሱም የወሎ ሰው ነው፤ ሁለታችንም ጡረታ ከወጣን ወዲህ ኢስተን ያለው የገበያ ማዕከል ውስጥ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን የሚያልፈውን ሰው ማማት ሥራችን ሆኗል።

«አንተ?» አለኝ። «አንተ እዚህ ያለውን ተንቀሳቃሽ ደረጃ እንኳ በሁለት እጅህ ይዘህ አይደለም እንዴ የምትወጣው? እሱ እኮ ራሱ ነው የሚያወጣህ።»

«እለማመዳለሁ።»

«ምን ላይ? አገሩ ሜዳ!»

ዞር ስንል የገበያው የመኪና ማቆሚያ ፎቅ ታየን። በዚያች ከተማ ላለነው ተራራ እሱ ነው። መኪና የሚወጣበትን ጠምዛዛ ዳገት እኔ በእግሬ ስያያዘው፣ ጓደኛዬ በመኪናው አጠገቤ እያዘገመ፣ መስኮቱን ከፍቶ ያበረታታኝ ጀመር።

«አብሽር! አብሽር! ላይ ስትደርስ ሰንደቅ ትተክላለህ! ውይ፣ ደግሞ አቃሰተ! ጎረምሳው አቃሰተ!»

ሦስተኛው ፎቅ ላይ የጥበቃ ሠራተኛ መጣና፣ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፣ ያ ባለመኪና እየተከተለ እያስቸገረኝ እንደሆነ በሹክሹክታ ጠየቀኝ። «አዎ፣ ሲያስቸግረኝ ሃያ ዓመቱ ነው» አልኩት። ጓደኛዬ ይህን ዛሬም ይቅር አላለኝም። ያም ሆኖ ለጉዞዬ ራሱ የቆላውን ቆሎ ሰጠኝ፤ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ያወጣው ሙያ እሱ ነው። እኔም ዳቦ ቆሎና ቴምር ጨመርኩበት፤ በሶም በጥብጬ ልጠጣ ዱቄቱን በከረጢት ያዝኩ።

በሶው ኤርፖርት ላይ ትልቅ ክብር ተደረገለት። ፈታሹ ከፈተው፣ አሸተተው፣ በጨርቅ ጠርጎ ጨርቁን ማሽን ውስጥ አስገባው። ምን እንደሆነ ሲጠይቀኝ «ገብስ ነው፤ ቅመስ» አልኩት። አመሰገነኝና አልቀምስም አለ። በዚያ ጉዞ ሁሉ ግብዣዬን እምቢ ያለኝ እሱ ብቻ ነው።

አውሮፕላኑ ውስጥ፣ ከታች ውቅያኖስ ብቻ መሆን ሲጀምር፣ ልጄ ጆሮዋ ላይ ያለውን ማዳመጫ አውጥታ፣ «አባዬ፣ ታች ያለውን ክፍል እኮ ሰው ሊገባበት ነው» አለችኝ። «አብራኝ የምትሠራ ልጅ ናት። ቤት አጥታለች። ስንመለስ መልስ እሰጥሻለሁ ብያታለሁ፤ እሺ ልላት ነው። ምን ይመስልሃል?»

ምን ይመስለኛል! «በጣም ጥሩ ነው» አልኳት። «ሰው መርዳት ጥሩ ነው።» ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞሬ ደመናውን ማየት ጀመርኩ። ደመናውም እንደ ኦሃዮ ዝርግ ነው።

ስለዚህ ተራራው ሥር ስደርስ ሁለት ሸክም ነበረኝ ማለት ነው፤ አንዱ ጀርባዬ ላይ፣ አንዱ እዚህ ጉሮሮዬ ላይ። ልጄ ብርቱካንማ የሃይኪንግ ጫማ ገዝታልኛለች፤ ከሩቅ ስታይ መንገድ ሲጠገን የሚያቆሙትን ሾጣጣ ፕላስቲክ እመስላለሁ። ሁለት ከዘራም ሰጠችኝ። አንድ ከዘራ ሽማግሌ ያሰኛል፣ ሁለት ከዘራ ስፖርተኛ ያሰኛል፤ ይህን እዚያ ነው የተማርኩት።

መንገዱ መጀመሪያ ላይ በጣም ደግ ነበር። አፈሩ ቀይ ነው፤ ሌሊት ዘንቦበት እንደ ሊጥ ይይዛል። ግራና ቀኙ ዛፍ ብቻ ነው፤ ከዛፉ ሥር የበሰለ ዘይቱን ረግፎ ሽታው አፍንጫ ይሞላል። ዶሮዎች ደግሞ በየቁጥቋጦው ይጮኻሉ።

«የማን ናቸው?» አልኳት።

«የማንም። ዋይልድ ናቸው።»

«ባለቤት የሌለው ዶሮ?»

«ዬስ አባዬ።»

«ደሴ ቢሆኑ ግማሽ ቀን አይቆዩም ነበር።» አንዱ አውራ ዶሮ ደረቱን ነፍቶ አየኝ። እኔም በአክብሮት አለፍኩት።

መጀመሪያ ያረፍነው ጫካው ሳስቶ ባሕሩ ወለል ብሎ የሚታይበት ቦታ ነው። ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ፣ ቆሎዬን ፈታሁ። ልክ አንድ እፍኝ ልዘግን ስል ሁለት ወጣቶች፣ ወንድና ሴት፣ ላብ እያንጠባጠቡ ደረሱ። እንግዲህ ሰው እያየ እንዴት ይበላል? እጄን ዘርግቼ በእንግሊዝኛ «ኑ፣ አብረን እንብላ» አልኳቸው።

ተቀመጡ።

በአላህ! ቁጭ አሉ! «አሁን በላን» የለ፣ «ይባርክላችሁ» ብሎ ማለፍ የለ። ልጁ እፍኙን ሞልቶ ቃመና ዓይኑ በራ። ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። ገብስ፣ ሽምብራ፣ ሱፍ እያልኩ አስረዳሁት። ልጅቷ ፎቶ አነሳችው፤ ከዚያ እሷም ቃመች። «ጨምሩ እንጂ» አልኩ፤ ለወጉ ያህል ነው ያልኩት። ጨመሩ።

ልጄ ጀርባዋን አዙራ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ስትስቅ ነው።

እነሱ ሲሄዱ ሌሎች መጡ፤ የተማሪ መንጋ። እኔ ምን ላድርግ? አፌ አያስችለውም፤ ሰው ሲያልፍ ራሱ ይከፈታል። «ኑ እንብላ!» ዳቦ ቆሎው ከዚያ አላለፈም። ቀጥሎ አንድ እንደ እኔ ሸምገል ያለ ሰውዬ ቴምሩን እያጣጣመ ስለ ጉልበቱ ቀዶ ሕክምና አጫወተኝ፤ ደስ የሚል ሰው ነው፤ ከረጢቱን ባዶ አድርጎ፣ አጣጥፎ መለሰልኝ። ሌላው ደግሞ እየሮጠ የሚወጣ ልጅ ነበር። እንዲያ ተቃጥሎ ሳየው የውሃ ጠርሙሴን ዘረጋሁለት። በሶ ልበጠብጥበት ያሰብኩት ውሃ ነው። አንዴ አጋደመው፤ ጉሮሮው ብቻ ነው ሲወጣ ሲወርድ የሚታየኝ። ሲመልስልኝ ጠርሙሱ አየር ሆኖ ነበር።

«አባዬ» አለች ልጄ፣ እንባዋን እየጠረገች፣ «እዚህ አገር ሰው እኮ እሺ ይላል!»

«ኧረ አየሁት።»

«ኢትስ ኦኬ፣ እኔ ውሃ አለኝ። ትፈልጋለህ?»

«አይ፣ አንቺ ጠጪው።»

«ኦኬ» ብላ ክዳኑን ገጠመችው።

ክዳኑ ሲገጥም የሚያሰማውን ድምፅ እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ።

ከዚያ በኋላ መንገዱ ደግነቱን ተወ። ሥሩ እንደ እባብ ተጠላልፏል፤ አንዳንድ ቦታ ዳገቱ ቀጥ ከማለቱ የተነሳ ሰው ገመድ ከዛፍ ላይ አስሮ ትቶልናል፣ ይዛችሁ ተሳቡ ብሎ። ተሳብኩ። በመሃል አንዲት ሴትዮ ብርቱካን ልጣ እየበላች ደረሰችብን፤ ፊቴን አይታ መሰለኝ ግማሹን ዘረጋችልኝ። ውሃው በጣቶቿ መሃል ይወርዳል። «ኖ፣ ኖ፣ ቴንክ ዩ» አልኩ፤ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ፣ በሥርዓቱ። «ኦኬ!» አለችና አንዱን ቁራጭ አፏ ውስጥ አድርጋ አለፈችን። እኔ ከኋላዋ ያ ብርቱካን ተራራውን ሲወጣ በዓይኔ ሸኘሁት። እሱ ከእኔ ቀድሞ ነው ጫፍ የደረሰው።

«እጅህን ልያዝህ?» ትላለች ልጄ።

«አይ፣ ደህና ነኝ።»

«እንረፍ?»

«አይ፣ ለኔ አትቁሚ።»

«ደክሞሃል? እንመለስ?»

«ኧረ አልደከመኝም!»

እሷም እሺ ትላለች፤ ትሄዳለች። ከፊት ከፊት ስትሄድ የእናቷ አረማመድ ነው፤ ተረከዟን ቀደም አድርጋ። ያን እያየሁ ብዙ መንገድ ሄድኩ። ከዚያ ቀኝ ባቴን የሆነ ነገር ጨምድዶ ያዘኝ፤ ጭቃው ላይ ቁጭ አልኩ። ተቀመጥኩ ልበል እንጂ መውደቄ ነው። ደመና ከላይ ወርዶ ግራና ቀኛችንን ሸፍኖታል፤ ጫፉ የት እንዳለ አይታይም።

ልጄ ተንደርድራ መጣች። እግሬን ዘረጋች፣ ባቴን አሸች፣ እንደ ሥራዋ ሁሉ የልብ ምቴን ያዘች። «ከንፈርህ ደርቋል» አለች። ጠርሙሱን አወጣች። «ውሃ ትፈልጋለህ?»

ምን እንዳልኩ ታውቃላችሁ። ምላሴ ከላንቃዬ ጋር ተጣብቃ ሳለ፣ ካንደኛው ጥግ ተላቃ «አይ» አለች።

ልጄ ክዳኑን አልገጠመችውም። ጠርሙሱን ጭቃው ላይ ዱብ አደረገችው።

«አባዬ፣ ስቶፕ! ጠየቅሁህ እኮ! ውሃ ጠየቅሁህ፣ እጅህን ጠየቅሁህ፣ እንረፍ አልኩህ! ሁልጊዜ አይ ነው የምትለኝ! እኔ ምን ላድርግ?»

ተቆጣሁ። በረሃብና በጥም ላይ እውነት ሲጨመርበት ሰው ይቆጣል። «አንዴ ነዋ የምትጠይቂው!»

«ታዲያ ስንቴ ነው የሚጠየቀው?»

«ቢያንስ ሦስቴ!»

«ሦስቴ?»

«አንደኛው ላይ እንዲሁ ይባላል። ሁለተኛው ላይ በሞቴ ይባላል። ሦስተኛው ላይ አፈር ስሆን ይባላል። ያኔ ነው እሺ የሚባለው። ይሄን የማያውቅ አለ?»

አፍጥጣ አየችኝ። «አባዬ» አለች በመጨረሻ፣ «አንድ ጉንጭ ውሃ ልሰጥህ ሞቼ መቀበር አለብኝ?»

እንዲህ ተብሎ አያውቅም። እኔም አስቤው አላውቅም። ሳቄ መጣ፤ ባቴ ግን ሳቅ አልፈቀደልኝም፤ ግማሹ ሳቅ ግማሹ «ወይኔ» ሆኖ ወጣ። እሷም ሳትወድ ሳቀች። ሁለታችን እዚያ ጭቃ ላይ እንደ እብድ ስንንከተከት የሚያልፈው ሰው ዞር ብሎ አየን። ማንንም አልጋበዝኩም፤ የሚጋበዝ ነገር የለኝም።

ጠርሙሱን አንስታ ክዳኑን በመዳፏ ጠረገችው። «አሁን እንደገና እጠይቅሃለሁ። አንዴ። ሞትም አፈርም የለም። ውሃ ትፈልጋለህ?»

ይህን ማለት ከተራራው ይልቅ ከበደኝ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? ራቁቴን የቆምኩ መሰለኝ። «እሺ» አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው ነበር። ጠጣሁ። እንዲያ ያለ ውሃ ጠጥቼ አላውቅም።

ከዚያ ወዲያ እጇን ይዤ ነው የወጣሁት። ሁለቱን ከዘራ እሷ ያዘች፤ ስፖርተኝነቱ ወደ እሷ ዞረ። እየሄድን፣ ወደ ኋላ ሳትዞር፣ «እማዬ ትነግረኝ ነበር» አለች፤ «አይ ካለ ቅጂለት። እኔ እኮ ስለ ምግብ ብቻ ይመስለኝ ነበር።»

ጉሮሮዬ ላይ ያለው ሸክም አንዴ ተንቀሳቀሰ።

ጫፉ ላይ ስንደርስ የሚታይ ነገር አልነበረም። ያን ሁሉ ወጥተን ነጭ ጉም ውስጥ ገባን፤ ባሕሩ የለ፣ ከተማው የለ፣ ጫማዬ ብቻ ነው ቀለም ያለው። ንፋሱ ብርድ አለው። ያቺ የብርቱካኗ ሴትዮ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አሁን ደግሞ ማንጎ ትልጣለች። ከዚያች ሴት ቦርሳ ውስጥ የማይወጣ ፍራፍሬ የለም። ቢላዋዋ ጫፍ ላይ አንድ ቁራጭ አድርጋ ወደ እኔ ስትዘረጋ ገና አፏን ሳትከፍት «ዬስ!» አልኳት። እጄ ከአፌ ቀደመ። ልጄ ድንጋይ ይዛ ሳቀች።

ማንጎውን ስጨርስ ልጄ አጠገብ ተቀመጥኩ። መውረድ ከመጀመራችን በፊት ካልተናገርኩ፣ ቁልቁለቱ ላይ ስለ ጉልበቴ ሳወራ፣ አውሮፕላኑ ላይ ስለ ደመና ሳወራ፣ ኮሎምበስ እንደምንደርስ አወቅሁት። እዚያ ደግሞ ያቺ ቤት ያጣች ልጅ መልስ ትጠብቃለች። እሷም አሳዘነችኝ፤ ግን ወጣት ናት፣ ነርስ ናት፣ ሌላ ክፍል ታገኛለች። እኔ ሌላ ልጅ አላገኝም።

«ልጄ።»

«ወዬ።»

«ያንን ክፍል ለሰው አትስጪው።»

ጉሙ በመካከላችን እያለፈ ነው።

«የቱን ክፍል?»

«ታች ያለውን። ባለ መስኮቱን። እኔ... እኔ ልግባበት።»

በሰባ ምናምን ዓመቴ ሳልጠየቅ የጠየቅሁት የመጀመሪያው ነገር እሱ ነው። ከአፌ ወጥቶ አየሩ ላይ ቆመ። ልጄ ወደ ፊት፣ ወደ ምንም፣ እያየች፣ «አይ አባዬ» አለች። «አይሆንም።»

ለልጅቷ እሺ ልትል ቆርጣለች፤ ዘግይቻለሁ፤ ሁለት ዓመት ሽማግሌ ሲሽኮረመም ቤቱ ተያዘ። «ግድ የለም፣ እኔ እኮ ደህና ነኝ» ልል ምላሴ ተነስታ ነበር። ዞር ብዬ ሳያት ከንፈሯን ነክሳለች። እናቷ ሳቅ ሊያመልጣት ሲል ታደርገው የነበረ ነው።

ገባኝ። ይቺ ሰይጣን! የማን ልጅ ሆና!

«በሞቴ» አልኳት።

እጇን ደረቷ ላይ አደረገች፤ ልክ እንደ እኔ፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ በእኔ ድምፅ፣ «ኧረ አይ፣ እኛ ደህና ነን፤ አንተን ማስቸገር ነው» አለች። «ብስክሌቱስ የት ይቀመጣል?»

«ብስክሌቱ ይሙት!»

«እሱ አይደለም የሚሞተው፤ አንተ ነህ። በል ቀጥል።»

የማንጎዋ ሴትዮ ቢላዋዋን እንደያዘች ቆማ ታየናለች። የተጣላን መስሏት ነው። እኔም ድንጋዩ ላይ ቀና ብዬ፣ ሁለት እጄን ዘርግቼ፣ የአገሬ ሽማግሌዎች ቢያዩ በሚኮሩበት ሥርዓት፣ «አፈር ስሆን» አልኳት። መጨረሻው ላይ ድምፄ ተሰበረ። ያንን አላቀድኩትም።

እሷም እሺ አላለችም። ዓይኗን በጃኬቷ እጅጌ ጠርጋ ስልኳን አወጣች፤ ጎንበስ ብላ ጻፈች፤ ቀና ስትል «ኔትወርክ የለም» አለች።

ስልኩን ከፍ አድርጋ ይዛ የተራራውን ጫፍ መዞር ጀመረች። ከኋላዋ ተከተልኩ። እያነከስኩ፣ ድንጋዩ ሥር ያስቀመጠቻቸውን ሁለቱን ከዘራ ወደ ሰማይ አንስቼ።

«አባዬ፣ አንተ ምን እያደረግህ ነው?»

«እያገዝኩ ነዋ! አንቴና ልሁን ብዬ!»

ሴትዮዋም ነገሩ ምን እንደሆነ ሳይገባት የራሷን ስልክ አንስታ ከኋላዬ ተሰለፈች። ሦስታችን በዚያ ጉም ውስጥ እጃችንን ሰቅለን ዞርን፤ የሚያየን ቢኖር ዝናብ የምንለምን ይመስለው ነበር። በአንዱ ጥግ፣ ድንጋዩ ገደል ላይ ወጣ በሚልበት፣ ልጄ ድንገት ቆመች። ስልኳ ትንሽ ድምፅ አሰማ።

«ሄደ» አለች።

«ምን ብለሽ ጻፍሽላት?»

ስልኩን ኪሷ ከትታ እጄን ያዘች፤ ያኛውን፣ ማንጎ የነካውን፣ የሚያጣብቀውን።

«ክፍሉ ሰው አለበት አልኳት።»